የልጆች ካርት ሞተር ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉልበትም የለውም፤ ጥቅምት ላይ ውድድር ልንጀምር ነው

የአራት ኪሎዋ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከ11 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ስምንት ልጆች አራት ካርት (ትንንሽ ባለ አራት ጎማ የውድድር መኪና) አሠርተናል። ሞተሮቹ ለመስኖ ውሃ መሳቢያ የሚሸጡት፣ የሆንዳ ጂኤክስ 200 ቅጂ የሆኑ ባለ 196 ሲሲ የቻይና ሞተሮች ናቸው፤ ላያቸው ላይ 6.5 ፈረስ ጉልበት ይላል። የምንለማመደው ለገሃር አካባቢ፣ እሁድ ጠዋት ባዶ በሚሆን፣ በተፈቀደልን አጥር ግቢ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ረጅሙ ቀጥታ መንገድ 60 ሜትር ገደማ ይሆናል። ክረምቱ ሲወጣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ስምንት ዙር ውድድር አስበናል።

ያስቸገሩን ነገሮች እነዚህ ናቸው። አራቱም ሞተሮች ነዳጅ ሙሉ ሲሰጣቸው ጥቁር ጭስ ያወጣሉ፣ ይንተፋተፋሉ፣ ካንዴላው ሲፈታ ደረቅ ጥቀርሻ ለብሷል። ሲነሱ ፍሪሲዮኑ ይሸታል። ከአራቱ አንዱ ደግሞ ቀኝ ኩርባ ላይ ድንገት ይጠፋል። ካቴናው ከሚዞርባቸው ማርሾች የፊቷ ጥርስ 12፣ የኋላው 60፣ የኋላ ጎማው ቁመት 11 ኢንች ነው። አንድ መካኒክ «ገቨርነሩን (የሞተሩን ዙር የሚገድበውን) አውጡት፣ ጉልበት ያገኛል» ብሎናል። እናውጣው?

ካንዴላ፦

እህቴ፣ ገቨርነሩ እንዳይነካ። ለምን እንደሆነ ከታች እጽፋለሁ፤ መጀመሪያ ጭሱን እንጨርስ።

አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፒስተኑ በአንድ ምት የሚስበው የአየር መጠን አይቀየርም፣ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን ይቀንሳል። ካርቡሬተሩ ለቆላ ተብሎ በተበሳው ቀዳዳ ቤንዚኑን ማውረዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ለሚገባው አየር ከ10 በመቶ በላይ ትርፍ ቤንዚን ይገባል፤ ጥቁሩ ጭስና ጥቀርሻው የዚህ ውጤት ነው። ሆንዳ ራሱ በመመሪያው ሞተሩ ሁልጊዜ ከ1,500 ሜትር በላይ የሚሠራ ከሆነ ካርቡሬተሩ ይስተካከል ይላል። ከተስተካከለም በኋላ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። ለአዲስ አበባ ሲሰላ 27 በመቶ ገደማ ነው፤ 6.5 የተባለው እዚህ ወደ 4.7 ይወርዳል። ይህን ማንም አይመልስላችሁም። መመለስ የሚቻለው በተበላሸው ድብልቅ ምክንያት ከዚህም በላይ የጠፋውን ነው።

ካርቡሬተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከተደፈነ ያንኑ ጥቁር ጭስ ያመጣል። ስፖንጁ በሳሙና ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት ተቀብቶ ተጨምቆ ይመለስ፤ የወረቀቱ ዓይነት ከሆነ ይቀየር እንጂ አይታጠብም። ቾኩ (የአየር መዝጊያው ክዳን) ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ፊልትሮውን አንስታችሁ በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ ማንሻው «ክፍት» ላይ ሆኖ ክዳኑ ግማሽ ላይ የሚቀርበት ሞተር ብዙ ነው። ዘይት ማያው ዱላ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ደግሞ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚዘጋው የተንሳፋፊው መርፌ አያጠብቅም ማለት ነው፤ እሱን ሳትቀይሩ ሌላውን ብትነካኩ ድካም ብቻ ነው። ዘይቱም ስለቀጠነ አብሮ ይቀየር።

እነዚህ ደህና ከሆኑ ወደ ዋናው ጀት (ቤንዚኑ በልክ ወደሚያልፍበት ቀዳዳ) ሂዱ። የቤንዚን መዝጊያውን ዝጉ፣ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለውን ጎድጓዳ በ10 ቁጥር ቁልፍ ፍቱ፣ የሚፈሰውን ቤንዚን በጣሳ ተቀበሉ። መሀል ላይ ቁልቁል በቆመው ቱቦ ውስጥ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ የሚገባበት ትንሽ የነሐስ ብሎን ታገኛላችሁ፤ ጀቱ እሱ ነው። ካቻቢቴው ልኩ ይሁን፤ ቀጭን ከሆነ የነሐሱን ጥርስ በልቶት ቁጭ ይላል። ጀቱ ሲወጣ ከላዩ ያለችው ባለ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ተንሸራታ ልትወድቅ ስለምትችል ከሥር ጨርቅ አንጥፉ።

ጀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳው ወርድ (ዲያሜትር) በመቶኛ ሚሊሜትር ነው፤ 78 ማለት 0.78 ሚሊሜትር ነው። ለእኛ ከፍታ ቁጥሩን በ0.94 ማባዛት ጥሩ መነሻ ነው፤ 78 ከነበረ 73 ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ቀዳዳው በስፋቱ ሲሰላ 12 በመቶ ይጠባል። ከዚያ በታች አትውረዱ። ቤንዚን ያነሰው ሞተር አያጨስም፣ ግን ይግላል፣ ፒስተንና ቫልቭ ይጎዳል።

ፍተሻው እንዲህ ነው። አዲስ ካንዴላ አስገቡ (ቢፒአር 6 ኢኤስ፣ ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር)። አንድ አዋቂ ካርቱን አሙቆ ቀጥታው ላይ ነዳጅ ሙሉ ይስጥ፣ እግሩን ሳያነሳ በማጥፊያው ሞተሩን ይቁረጥ። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው) ትንሽ ከሠራ በኋላ የተፈታ ካንዴላ የሚያሳየው የሚኒሞውን መልክ ስለሆነ አያገለግልም። ሲበርድ ፍቱት፤ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው፣ ጥቁር ጥቀርሻ ከሆነ ገና ቤንዚን ይበዛዋል፣ ነጭ ከሆነ አንሶታል።

ገቨርነሩን በተመለከተ፦ እነዚህ ሞተሮች የተሠሩት በደቂቃ 3,600 ዙር ገደማ ላይ እንዲሠሩ ነው። ቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ) አሉሚኒየም፣ ቮላኖው (ከባዱ ተሽከርካሪ ጎማ) በቅርጽ የፈሰሰ ተራ ብረት ነው። ገቨርነር የወጣለት ሞተር ያለ ጭነት ሲጮህ ከ5,000 በላይ ይወጣል፤ ቢየላው ተሰብሮ ካርተሩን (የሞተሩን የዘይት ቤት) ይበሳል፣ ቮላኖው ከፈነዳ ደግሞ የሚፈነዳው ልጁ አጠገብ ነው። የእናንተ ችግር ከሥር ሲነሳ ያለው ጉልበት ነው፣ ዙር መጨመር ለሱ ምንም አይፈይድም።

ቶርኖ ቤት፦

ካንዴላ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ፍሪሲዮኑ ላይ ልጨምር።

የካርት ፍሪሲዮን ሞተሩ ወደ 2,000 ዙር ሲደርስ በራሱ መያዝ ይጀምራል። ሞተሩ ጉልበት አጥቶ ማርሹ ከከበደው ዙሩ አያድግም፤ ፍሪሲዮኑ ግማሽ ይዞ ግማሽ እየተንሸራተተ ይቆያል። ሽታው የዚህ ነው። ከበሮውን እዩት፣ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ብዙ ግሏል ማለት ነው።

ስሌቱ ይኸው። የ11 ኢንች ጎማ ዙሪያ ወደ 0.88 ሜትር ነው። በ12 እና 60 ሞተሩ 5 ዙር ሲዞር ጎማው 1 ይዞራል፤ በ3,600 ዙር 38 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሰጣል። የኋላውን 72 ጥርስ ብታደርጉት ፍጥነቱ ወደ 32 ይወርዳል፣ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ግን በ20 በመቶ ይጨምራል። ለ60 ሜትር ቀጥታ 32 ይበቃል፤ ፍሪሲዮኑም ቶሎ ሙሉ በሙሉ ይይዛል። ለዚህ ከፍታ የምመክረው ይህንን ነው።

ጥርሱ ሲቀየር የሚረሱ ሁለት ነገሮች አሉ። የ72ቱ ጥርስ ስፋት በ35 ቁጥር ካቴና 218 ሚሊሜትር ነው፤ ካቴናው ሲጨመርበት ከመሬት የሚቀረው ክፍተት 25 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ግቢው ውስጥ የፍሳሽ ክዳን ወይም የፍጥነት ማብረጃ ካለ መስመሩን ከሱ አርቁት። ካቴናውም በ6 ማያያዣ ያህል ይረዝማል፤ የድሮውን ስቦ ለማስገባት አትሞክሩ። መሀሉን በጣት ስትጫኑት ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ይርገብ። የመጋጠሚያዋ ክሊፕ ክፍት አፍ ካቴናው ከሚሄድበት አቅጣጫ በተቃራኒ ይዙር፤ ወደ ፊት ካየ የሆነ ነገር ነክቶት ይወልቃል።

ፍሪሲዮን ስትገዙ ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱ። የእነዚህ ሞተሮች ዘንግ ሁለት ዓይነት ነው፤ 19.05 ሚሊሜትር እና 20 ሚሊሜትር። በዓይን አይለዩም። የ19.05 ፍሪሲዮን ለ20 ዘንግ አይገባም፤ ዘንጉን በሞረድ መሞረድ ደግሞ ሞተሩን መጣል ነው። የፍሪሲዮኑን ቀዳዳ ቶርኖ ላይ ወደ 20 ማስፋት ይቻላል፣ ግን መሀሉን ሳይስት መሆን አለበት፤ ትንሽ ከሳተ ፍሪሲዮኑ ይወዛወዛል፣ ካቴናው ጥርሱን ይበላዋል። የቻቬታው (ፍሪሲዮኑን ከዘንጉ ጋር የሚቆልፈው ብረት) ስፋትም ይለያያል፣ የመጀመሪያው 4.76 ሁለተኛው 5 ሚሊሜትር ነው። የጄኔሬተር ሞተር ሾጣጣ ዘንግ ያለው ከሆነ ለካርት ጨርሶ አይሆንም።

የአራት ኪሎዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጀቱን ፈታነው፣ ግን ምንም ቁጥር የለበትም። መርካቶ የተገኘውም ያው ነው፤ «ኦሪጅናል» ይላሉ እንጂ ቁጥር የለውም። ቀኝ ኩርባ ላይ ስለሚጠፋው ካርትስ ምን ትሉኛላችሁ?

ካንዴላ፦

ቁጥር ከሌለው ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ጀርባ ለኩት። ወርቅ ሠሪ ዘንድ ከ1 ሚሊሜትር በታች የሆኑ መሰርሰሪያዎች አይጠፉም። ለስላሳውን ጀርባ አስገቡ፤ 0.75 ገብቶ 0.80 እምቢ ካለ መሀል ላይ ነው። ትንሽ ጀት ካላገኛችሁ ያለውን በቆርቆሮ ብየዳ ደፍናችሁ በ0.73 እንደገና ብሱት። በእጅ፣ በጣት እያዞራችሁ፤ በማሽን ከሆነ ቀዳዳው ይሰፋል። የመጀመሪያውን ጀት አስቀምጡት፣ ወደ ቆላ ስትወርዱ ያስፈልጋል። ለአዳማ የአዲስ አበባው ላይ አንድ ቁጥር መጨመር ይበቃል።

ቀኝ ላይ የሚጠፋው ምናልባት የዘይት መቆጣጠሪያው ነው። ውስጡ ዘይት ሲያንስ ሞተሩን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ አለ። ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሲተኛ «ዘይት የለም» ብሎ ይቆርጣል። ካርቱ ደልዳላ ላይ ቆሞ ዘይቱ እስከ መሙያው አፍ መድረሱን እዩ፤ መጠኑ 0.6 ሊትር ነው። ሙሉ ሆኖም ከጠፋ ከካርተሩ የሚወጣውን የመቆጣጠሪያውን ሽቦ ነቅላችሁ ጫፉን በፕላስተር ሸፍኑና ሞክሩ። ካልጠፋ ምክንያቱ ተገኝቷል። ከዚያ በኋላ ግን ጠባቂ የለውም፤ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ዘይት የሚያይ አንድ ሰው ይመደብ። ሽቦው ተነቅሎም ከጠፋ ችግሩ ምናልባት ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው የተንሳፋፊው ከፍታ ነው።

ጎሚስታው፦

ጎማውን ጠዋት ሳይሞቅ ከ12 እስከ 14 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ጀምሩት። የመኪና መለኪያ እስከ 100 ስለሚያነብ 12ን በትክክል አያሳይም፣ አነስተኛ ግፊት የሚለካ ግዙ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አስፋልቱ ቀዝቃዛ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ ጎማው አይይዝም፣ ልጆቹ ቀስ ብለው ያሙቁት።

ፎርሙላ ተከታታይ፦

ስለ ውድድር ዘመኑ ያልተነሳ ነገር አለ። አራቱ ካርቶች መቼም እኩል አይሆኑም። ስለዚህ ካርት ለልጅ አይሰጥ፣ በዕጣ ይዙር። ስምንት ዙር ካላችሁ እያንዳንዱ ልጅ እያንዳንዱን ካርት ሁለት ጊዜ ይነዳል። ጀቱም የገቨርነሩ ብሎንም በቀለም ምልክት ይታሸግ፣ ወላጅ እንዳይነካው። ከካርት ቀጥሎ ባለው የታዳጊዎች የመኪና ውድድር፣ ፎርሙላ 4 ውስጥም ሞተሩ የታሸገ ነው፤ ልጆቹ የሚለዩት በነጂነታቸው እንዲሆን።

ክብደት ከባድ ጉዳይ ነው። ካርቱ 75 ኪሎ፣ ልጁ 45 ኪሎ ከሆነ፣ 10 ኪሎ የሚከብድ ልጅ 8 በመቶ ያህል ጭኖ ይሮጣል። ልጅና ካርት አንድ ላይ የሚመዘኑበት ዝቅተኛ ክብደት አውጡ፤ ቀላሎቹ መቀመጫው ጎን ላይ ብረት ይጨመርላቸው። ብረቱ በሁለት ባለ 8 ሚሊሜትር ብሎንና በማይፈታ ዳዶ ይታሰር፤ በሽቦ የታሰረ ብረት ሲጋጩ ተወንጭፎ ይወጣል።

ነጥቡን እንደ ፎርሙላ 4 25፣ 18፣ 15፣ 12፣ 10፣ 8፣ 6፣ 4 አድርጉት፤ ለስምንት ልጅ ልክ ይመጣል። ካርቱ አራት ስለሆነ በሁለት ምድብ ሮጠው ደረጃው በጠቅላላ ሰዓት ይውጣ። በቀን ሁለት ውድድር ካላችሁ ሁለተኛውን ምድቡን በግልባጭ አስጀምሩት፣ ፈጣኑ ከኋላ ይነሳ። ከፎርሙላ 4 በላይ ያለው ፎርሙላ 3 በአጭሩ ውድድር የሰዓት ሙከራውን የመጀመሪያ 12 እንዲህ ይገለብጣል፤ ማለፍን የሚያስተምር ሌላ መንገድ የለም። ለልጆቹም ንገሯቸው፦ ሊዮናርዶ ፎርናሮሊ የ2024ቱን የፎርሙላ 3 ዋንጫ የወሰደው አንድም ውድድር ሳያሸንፍ ነው፣ በየዙሩ ነጥብ እየሰበሰበ።

«ከዚህ በኋላስ?» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ፣ ለፎርሙላ 4 ዝቅተኛው ዕድሜ 15 ነው። አንድሪያ ኪሚ አንቶኔሊ ከካርት ተነስቶ በ2022 የጣሊያን ፎርሙላ 4ን አሸንፎ በ2025 ፎርሙላ 1 ገባ።

የአራት ኪሎዋ፦

ጀቱን በ0.73 በስተን አንዱ ላይ ሞከርነው፤ ጭሱ ጠፍቷል፣ ካንዴላው ቡናማ ነው። ሽቦው የተነቀለለትም ቀኝ ኩርባ ላይ አልጠፋም። 72ቱን ጥርስ ቶርኖ ቤት አዘናል። ከመጀመራችን በፊት የቀረን ነገር አለ?

ቶርኖ ቤት፦

የነዳጅ መስጫው ሁለት ሞላ ይኑረው፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይመልሰዋል። ማጥፊያው መሪው ላይ፣ ልጁ እጁን ሳያነሳ የሚደርስበት ይሁን። ካቴናውና ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) በላሜራ ይሸፈኑ። ሻርፕ፣ የተለቀቀ ጸጉር፣ የተንጠለጠለ የጃኬት ገመድ አይገባም። ቤንዚን የሚሞላው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘና ልጁ ከወረደ በኋላ ነው፤ ባለ 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያም እዚያው ይቁም። ቫልቮቹንም ከመጀመሪያው ዙር በፊት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ለኩ፤ መግቢያው 0.15፣ መውጫው 0.20 ሚሊሜትር።