ለጀርመን የተማሪ ቪዛ ደላላ «ብር አሳይልሻለሁ» ይለኛል፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የእነዋሪዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የጅሩ ልጅ ነኝ፤ የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ጀርመን አገር ለማስተርስ ተቀብለውኛል። ትምህርቱ በኦክቶበር ይጀምራል። ክፍያ የለውም፣ የሴሚስተር መዋጮ ብቻ ነው። ስኮላርሺፕ ግን የለኝም፤ እንቅልፍ የነሳኝ ብሎክድ አካውንት የሚሉት ነገር ነው። አባቴ ገበሬ ነው። ጤፉንም ስንዴውንም ሸጦ፣ ወንድሜ የእቁብ ዕጣውን ጨምሮልኝ እንኳ ግማሹ አይሞላም። እዚህ ከተማ አንድ ደላላ «80 ሺህ ብር ስጪኝ፤ 2 ሚሊዮን ብር ለአንድ ወር በስምሽ አስገብቼ ስቴትመንት አወጣልሻለሁ» አለኝ።

ሌላም አለ። የአያቴ ስም ወልደጊዮርጊስ ነው። ፓስፖርቴ ላይ አንድ ቃል ሆኖ ተጽፏል፣ ዲግሪዬ ላይ ለሁለት ተከፍሏል። የልደት ዓመቴ ደግሞ በፈረንጆቹ ፓስፖርቴ ላይ 2000፣ ትራንስክሪፕቴ ላይ 1999 ይላል። ፍራንክፈርት አክስት አለችኝ፤ እሷን ማስቸገር ከበደኝ እንጂ። ምን ላድርግ?

ቀበና የተመላለሰ
እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ደላላውን ግን ዛሬውኑ ተዪው። ሐሰተኛነቱ ይቆይና፣ የሚሸጥልሽ ነገር አያስፈልግሽም። ጀርመኖች እዚህ ባንክ የተቀመጠ ብር አሳዪን አይሉም። በስምሽ ጀርመን በሚከፈት ዝግ ሂሳብ (ብሎክድ አካውንት የሚሉት እሱ ነው) ውስጥ የአንድ ዓመት መኖሪያ እንዲገባ ነው የሚፈልጉት። አሁን 11,904 ዩሮ ነው፤ በወር 992 ዩሮ ማለት ነው። ሄደሽ እዚያ መደበኛ ሂሳብ ስትከፍቺ በየወሩ ይለቀቅልሻል። ስለዚህ የአንድ ወር ስቴትመንት ይዘሽ ብትሄጂ 80 ሺህሽን በልተውሽ ነው።

ሂሳቡ በኦንላይን ይከፈታል። ከባዱ ዩሮውን ከዚህ መላክ ነው። ከአሁኑ ባንክሽ ሄደሽ ለተማሪ የውጭ ምንዛሪ ምን ምን እንደሚጠይቁ እወቂ። የተቀባይነት ደብዳቤሽንና ፓስፖርትሽን ያዢ። አንዱ ባንክ አይሆንም ቢልሽ ሌላው ጋ ሂጂ። ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ የአገልግሎት ክፍያው ተቀንሶ ይመለሳል።

ጣርማበር
እኔ ግን ደላላ ሁሉ ሌባ አይመስለኝም። ጓደኛዬ ለሌላ አገር እንዲህ አድርጎ ሄዷል። ዕድልሽን ብትሞክሪ ምን አለበት?

ሰላሌ
ጣርማበር፣ ወንድሜ፣ «ምን አለበት» ያልኩት እኔ ነኝ። ቀጠሮዬ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አጎቴ 900 ሺህ ብር በስሜ አስገባልኝ። የማመለክተው ወደ ሌላ አገር ነበር። ኢንተርቪው ላይ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» ደመወዜ 9 ሺህ ነበር። አፌ ተሳሰረ። የተከለከልኩበት ወረቀት እስከ ዛሬ ድረስ በየቅጹ «ከዚህ በፊት ቪዛ ተከልክለዋል?» እያለ ይከተለኛል። የጓደኛህ ተሳክቶለት ይሆናል፤ የኔ ዓይነቱ ግን አይወራም፣ ሰው ስለሚያፍር።

መምህሩ
ልጄ፣ አባትሽ የመሬት ደብተር አላቸው ብለሽ እሱን እንዳታያይዢ። ብዙ ልጆች ያደርጉታል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፤ አባትሽ ባለይዞታ ናቸው። ስለዚህ ደብተሩ ገንዘብ ሆኖ አይቆጠርልሽም።

የልደት ዓመቱን ነገር እኔ ከሥራዬ አውቀዋለሁ። በስንት ወር ነው የተወለድሽው?

የእነዋሪዋ
በጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 ቀን 1992 ነው መምህር። እናቴ ታቦት ስትሸኝ ነው ምጥ የያዛት ይላሉ።

መምህሩ
በቃ፣ ታወቀ! ትራንስክሪፕቱን የጻፈው ሰው ዝም ብሎ 7 ደምሮልሻል። 7 የሚደመረው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የፈረንጆቹ ዓመት ስለሚለወጥ 8 ነው። ያንቺ ጃንዋሪ 21 ቀን 2000 ይሆናል። ፓስፖርትሽ ልክ ነው፤ ስሙም ቢሆን የፓስፖርቱ ይቆይ። ኤምባሲውም አየር መንገዱም የሚያየው እሱን ነው። የሚስተካከለው የዩኒቨርሲቲው ወረቀት ነው። ሬጅስትራር ሂጂና ዓመቱን እንዲያርሙ አመልክቺ። ስሙን መቀየር ካስቸገራቸው ሁለቱም አጻጻፎች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፉልሽ።

ሌላው፦ በእጅሽ ያለው ዲግሪ ቴምፖ (ጊዜያዊው) ነው ወይስ ኦርጅናል? ቴምፖ ከሆነ የኮስት ሼሪንጉን ነገር ጨርሰሽ ኦርጅናሉን አውጪ። ከዚያ ወደ ማረጋገጥ ትሄጃለሽ፤ መጀመሪያ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ቀጥሎ ውጭ ጉዳይ። ስህተቱን ሳታርሚ ማኅተም ካስመታሽበት ግን ሁሉንም እንደገና ነው የምትጀምሪው።

እህተ መንዝ (ከጀርመን)
ስለ አክስትሽ እኔ ልናገር። አክስትሽ የምትችል ከሆነ ብሎክድ አካውንቱ ይቀርልሻል። በምትኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ሄዳ፣ ደመወዟን አሳይታ፣ «ወጪዋን እኔ እሸፍናለሁ» ብላ ትፈርማለች። ክፍያው 29 ዩሮ ነው። ኦርጅናሉን ትልክልሻለች፤ ኮፒ አይበቃም።

ግን የፊርማውን ክብደት ሳትነግሪያት አታስፈርሚያት። ግዴታው 5 ዓመት ነው የሚቆየው። አንቺ መንግሥት የሚረዳሽ ሆነሽ ብትገኚ ዕዳው ወደ እሷ ይሄዳል። ለኔ የፈረመልኝ ወንድሜ ነው፤ እስክመረቅ ድረስ አመመኝ ለማለት እንኳ እፈራ ነበር። በትርፍ ሰዓት ሠርቼ እከፍላለሁ ብለሽ አትመኪ። መሥራት ይፈቀዳል፣ በዓመት 140 ሙሉ ቀን። መጀመሪያዎቹ ወራት ግን ቋንቋውና ትምህርቱ ፋታ አይሰጡም።

ብርዱን አትፍሪ፤ ደብረ ብርሃን የኖረ ሰው ይችለዋል። ጋቢሽን ያዢ።

ቀበና የተመላለሰ
የረሳሁት። የቪዛው ክፍያ 75 ዩሮ ነው፣ ቢከለከልም አይመለስም። ድሮ የተከለከለ ሰው ለኤምባሲው ቅሬታ ይጽፍ ነበር፤ ያ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን ያለው ወይ እንደገና ማመልከት ወይ በርሊን ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስታስገቢ የተሟላ ይሁን። ሞቲቬሽን ሌተርሽንም ከኢንተርኔት አትገልብጪ። እነዋሪ አድገሽ፣ ደብረ ብርሃን ሠርተሽ፣ ይህን ትምህርት ለምን እንደፈለግሽ መጀመሪያ በአማርኛ አስቢው፣ ከዚያ በራስሽ ቃል ጻፊው። ቀጠሮ ቶሎ አይገኝም። ለኦክቶበር ካልደረሰልሽ ዩኒቨርሲቲውን ወደሚቀጥለው ዓመት አስተላልፉልኝ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሥራሽንም ቪዛው ሳይመታ አትልቀቂ።

ጣርማበር
ይሁን እሺ፤ ሰላሌ አሳመነኝ። እህቴ፣ የኔን ምክር ተዪው።

የእነዋሪዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ አክስቴ ጋ ደወልኩ። የ5 ዓመቱንም ነገር ነገርኳት። ዝም አለችና «አባትሽ ነው ያስተማረኝ» አለች። ሰኞ ቢሮው ቀጠሮ ልትይዝ ነው። ለደላላው አልፈልግም አልኩት፤ ወዲያው ወደ 50 ሺህ ወረደ። መምህር፣ ሬጅስትራር ስሄድ ምን ልያዝ?

መምህሩ
ፓስፖርትሽን ከነኮፒው፣ የልደት ምስክር ወረቀትሽን፣ ትራንስክሪፕቱንና ማመልከቻ። በጠዋት ድረሺ፤ ከምሳ በኋላ ሰልፉ ይረዝማል።