አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ተቆርጦብኛል፣ የደረሰኙ ጽሑፍ ደግሞ ጠፍቶ ነጭ ሆኗል

ቆጣቢዋ
ሰላም ወገኖች። ባለፈው ወር በካርድ ስከፍል ማሽኑ «አልተሳካም» አለና ካሸሯ ካርዱን እንደገና አስገባችው። በሁለተኛው አለፈ። ዛሬ ስቴትመንቴን (ከባንክ የሚመጣውን የሒሳብ ዝርዝር) ሳይ ያው ብር በአንድ ቀን ሁለቴ ተቆርጧል! ደረሰኙን ቦርሳዬ ውስጥ ከካርዶቼ ጋር አስቀምጬው ነበር፣ አሁን ሳወጣው ቀኗ ብቻ ናት ፈዛ የምትታየው። ገንዘቤን ላገኘው እችላለሁ ወይስ አበቃ? እናንተስ ደረሰኝ እስከ መቼ ነው የምትይዙት?

የሒሳቡ ልጅ
ኧረ አላበቃም እህቴ። ባንክ ውስጥ የካርድ ቅሬታ ስቀበል ነበርና ይሄ በጣም የተለመደ ነው። በመጀመሪያው ክፍያ ላይ መስመር ተቋርጦ ማሽኑ የባንኩን መልስ ሳያገኝ ሲቀር «አልተሳካም» ይላል፣ ባንኩ ጋ ግን ገንዘቡ ተይዟል። ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀን ውስጥ ራሱ ይለቀቃል። ያንቺ ግን ወር አልፎትም ስቴትመንት ላይ ካለ በእርግጥ ተቆርጧል ማለት ነው። ሱቁ ሄደሽ የዚያን ቀን የማሽኑን መዝጊያ ሪፖርት (የቀኑን ክፍያዎች ዝርዝር) እንዲያዩልሽ ጠይቂ፤ እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ የማረጋገጫ ቁጥር አለው። እምቢ ካሉ ለባንክሽ በጽሑፍ አመልክቺና የቅሬታ ቁጥር ተቀበይ። ቪዛና ማስተርካርድ ለአብዛኛው ቅሬታ 120 ቀን ይሰጣሉ፣ ባንክሽ ግን ከዚያ ያነሰ ጊዜ ሊወስን ስለሚችል ዛሬ ነገ አትበይ።

ወረቀት ሰብሳቢ
ስለ ደረሰኙ። እሱ በቀለም የታተመ አይደለም፣ ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ነው። ለዚህ ነው ፀሐይ፣ የእጅ ቅባትና ፕላስቲክ ቦርሳ የሚያጠፉት። እንዳይጠፋ ብላችሁ ላሚኔት እንዳታደርጉት (በሙቀት በፕላስቲክ እንዳታሽጉት)፣ በማሽኑ ሙቀት ድርግም ብሎ ይጠቁራል። እኔ የዋስትና ደረሰኜን እንደዚያ አበላሽቻለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። በዚያው ቀን በስልክ ፎቶ ማንሳት ይሻላል፤ ቀኑ፣ መጠኑና የካርዱ የመጨረሻ 4 ቁጥሮች ይታዩ።

ማታ ማታ
እኔ ተራ ግዢ ከሆነ ስቴትመንቱ መጥቶ እስካመሳክረው ብቻ ነው የምይዘው። ዋስትና ያለውን ዋስትናው እስኪያልቅ። እስክሪብቶ ይዤ እቀመጥና ስቴትመንቱ ላይ ደረሰኝ ያገኘሁለትን መስመር ምልክት አደርጋለሁ፣ ምልክት ሳይደረግበት የቀረው ነው የሚጠየቀው። ትናንሾቹን እንዳትንቋቸው፣ ሰርዤዋለሁ ያልኩት ወርሃዊ ክፍያ ለ7 ወር ሲቆረጥብኝ የነበረው መጠኑ ትንሽ ስለነበር ዓይኔ እያለፈው ነው። ደግሞ የማታውቁት ስም ስታዩ ወዲያው አትደንግጡ፣ ብዙ ሱቅ በር ላይ የጻፈው ስምና ባንክ ጋ ያስመዘገበው ስም ይለያያል።

ቆጣቢዋ
ተባረኩ! ደወልኩላቸው፣ ሁለቱም ክፍያ ሪፖርታቸው ላይ አለ፣ ስቴትመንቱን ይዘሽ ነይ ብለውኛል። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። አሁን ያለፉትን 3 ወሮች አትሜ በእስክሪብቶ ጀምሬያለሁ፣ ሁለት የማላውቃቸው መስመሮች አሉ።