ክርክር፦ የአውሮፕላንን ደህንነት ማን ይቆጣጠር? መንግሥት ወይስ ገበያው?

የቢሾፍቱ ልጅ፦

ሰሞኑን እዚህ ግሩፕ ላይ አንድ ወንድማችን «መንግሥት ከቁጥጥር እጁን ያንሳ፤ ኩባንያ ስሙ እንዳይጎድፍ ሲል ራሱን ይጠብቃል፤ የቀረውን ኢንሹራንስና ደንበኛ ይጨርሱታል» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰውም ደገፈው። እኔ በፍጹም አልስማማም። የምከራከረው ሁላችንንም በነካ ጉዳይ ነው፤ በቦይንግ ኩባንያ አውሮፕላን፣ በ737 ማክስ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ጠዋት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ተነሳ። በደቂቃዎች ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ። 157 ሰው አለቀ። ከዚያ በፊት ጥቅምት 19 ያው ዓይነት አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ ገብቶ 189 ሰው ሞቷል። በሁለቱም ላይ ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ነበረበት። አፍንጫው ከሚመጣው አየር አንጻር ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለካ ሴንሰር አውሮፕላኑ ላይ ሁለት አለ፤ ሶፍትዌሩ የሚሰማው ግን አንዱን ብቻ ነበር። ያ ሴንሰር ሲሳሳት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት ይደፍቀዋል። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊት የአብራሪዎቹ ማኑዋል ላይ ስለዚህ ነገር ማብራሪያ አልነበረም።

ታዲያ ይሄን ማን ፈትሾ አሳለፈው? ብዙውን ሥራ የቦይንግ ሠራተኞች። የአሜሪካው የበረራ ተቆጣጣሪ ኤፍኤኤ ፍተሻውን በውክልና ለኩባንያው ሰጥቶት ነበር። ደሞዝ የሚከፍላቸው ቦይንግ፣ አለቃቸው ቦይንግ፣ የሚፈርሙት ግን በመንግሥት ስም። ኩባንያ ራሱን ይጠብቃል የምትሉት ይሄው ነው።

ነጻ ገበያ፦

ጽሑፉ የኔ ስለሆነ ልመልስ። በመጀመሪያ የሞቱትን ነፍስ ይማር። ግን ወንድሜ፣ ያመጣኸው ማስረጃ ለኔ ነው የሚመሰክረው። ኤፍኤኤ የግል ድርጅት ነው እንዴ? በጀት ነበረው፣ ሥልጣን ነበረው፣ ማኅተሙም በእጁ ነበር። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ የራሱ ባለሙያዎች አስልተው፣ ሶፍትዌሩ ካልተስተካከለ በአውሮፕላኖቹ ዕድሜ ውስጥ እስከ 15 ከባድ አደጋ ሊደርስ እንደሚችል ጽፈዋል። ያን እያወቀ መብረራቸውን አላቆመም። ቢሾፍቱ ላይ ከወደቀም በኋላ ቻይና በማግስቱ ስታግድ፣ አውሮፓ መጋቢት 3 ሲያግድ፣ አሜሪካ እስከ መጋቢት 4 ጠበቀች። እንዲህ ያለውን ተቆጣጣሪ ነው ይጨመርልን የምትለው?

የግሉን ደግሞ እይ። አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ገንዘብ አዋጥተው የሚያሠሩት፣ መኪና እያጋጨ የሚፈትን ተቋም አለ። አይአይኤችኤስ ይባላል፣ የተቋቋመው በፈረንጆቹ 1959 ነው። በፈረንጆቹ 2012 አዲስ ፈተና አመጡ፤ መኪናው በፊተኛው ጥጉ ብቻ ከእንቅፋት ጋር ይጋጫል። በመንግሥት ፈተና ውስጥ ይሄ አልነበረም። መጀመሪያ ከተፈተኑት ውድ መኪኖች አብዛኞቹ ወደቁ። ሕግ አልወጣም፣ ማንም አልተከሰሰም፤ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ዲዛይናቸውን አስተካከሉ።

ሹፌሩ ከቨርጂኒያ፦

እውነቱን ነው። እዚህ ኡበር የምንሠራ ልጆች መኪና ከመግዛታችን በፊት የነሱን ውጤት እናያለን። ግን አውሮፕላን ላይስ? እኔ ትኬት ስቆርጥ የማየው ዋጋና ሻንጣ ነው። ለበዓል አገር ቤት ሲገባ የአውሮፕላኑን ሞዴል የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ደንበኛ ይቆጣጠራል የምትለው ምኑን አውቆ ነው?

መካኒክ ነኝ፦

ስለ ውክልናው ትንሽ ልጨምር፣ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ። የኩባንያ መሐንዲስ በመንግሥት ስም መፈረሙ አዲስ ነገር አይደለም፣ ድሮም ነበረ። ልዩነቱ ድሮ መሐንዲሱን የሚሾመው ኤፍኤኤ ነው፤ ችግር ሲያይ በቀጥታ የሚያናግረውም እነሱን ነው። ከፈረንጆቹ 2009 ወዲህ ግን ቦይንግ ራሱ የሚመርጣቸውና ለቦይንግ ማናጀር ሪፖርት የሚያደርጉ ሆኑ። በፈረንጆቹ 2016 ቦይንግ እነዚህኑ ሰዎች በመጠይቅ ጠይቋቸው ነበር። ከመለሱት 39 በመቶው ተገቢ ያልሆነ ጫና እንዳለ ተናገሩ። ይሄ የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በፈረንጆቹ 2020 ባወጣው ሪፖርት ላይ አለ።

ጫናው ደግሞ የገንዘብ ነው። ለማክስ አብራሪዎች የሲሙሌተር (በረራን መሬት ላይ የሚያስመስል መሣሪያ) ሥልጠና ግዴታ ከሆነ፣ ቦይንግ ለሳውዝዌስት አየር መንገድ በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለት ቃል ገብቶ ነበር። ስለዚህ ሥልጠናው ግዴታ እንዳይሆን ኤምካስ ትንሽ ነገር መስሎ መታየት ነበረበት። መጀመሪያ የጅራቱን አግድም ክንፍ በአንድ ጊዜ 0.6 ዲግሪ ብቻ ነበር የሚያንቀሳቅሰው። በኋላ 2.5 ዲግሪ አደረጉት፤ ኤፍኤኤ ውስጥ ማወቅ የነበረባቸው ቁልፍ ሰዎች ግን አልተነገራቸውም። በሙያዬ እንዲህ ያለ ለውጥ አድርጎ ዝም ማለት ከባድ ጥፋት ነው።

የቢሾፍቱ ልጅ፦

መካኒኩ ተባረክ። ነጻ ገበያ፣ ስለ መኪናው ያልከው ትክክል ነው፣ አልክድም። ግን ለምን እንደሠራ እንይ። መኪና በተጋጨ ቁጥር ከኪሳቸው የሚከፍሉት እነዚያው ኢንሹራንሶች ናቸው፤ ሰው ሲጎዳ ይከስራሉ። በዚያ ላይ የመኪና አደጋ በየቀኑ አለ። በዓመት ውስጥ የትኛው ሞዴል ሰው እንደሚገድል ከቁጥሩ ይታያል። አውሮፕላን ግን ብዙ ጊዜ አይወድቅም። ማክስ ሥራ የጀመረው በፈረንጆቹ ግንቦት 2017 ነው። እስከ ኢንዶኔዥያው አደጋ ድረስ መዝገቡ ንጹሕ ነበር። ኢንሹራንሱ ምን አንብቦ ያስጠንቅቅ? የመጀመሪያው መረጃ የመጣው በ189 ሰው ሕይወት ነው። አደጋው እጅግ አልፎ አልፎ በሚደርስበትና ሲደርስ ግን ሁሉን በሚጨርስበት ሥራ፣ ገበያው ከሞት በኋላ ነው የሚማረው። ቦይንግ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ አጥቷል፣ ዋና ሥራ አስኪያጁም ተባሯል፣ እሺ። ሁሉም የሆነው 346 ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ኤፍኤኤ መንግሥት ነው ላልከው፤ አዎ ነው። ጥፋቱም ዓይኑን ለተቆጣጠረው ኩባንያ አሳልፎ መስጠቱ ነው። ኮንግረሱም ውክልናው እንዲሰፋ የሚገፋ ሕግ ያወጣው በፈረንጆቹ 2018 ነው፤ ከኢንዶኔዥያው አደጋ ሳምንታት በፊት። ያኔም ክርክሩ ያንተው ነበር። ቁጥጥሩ ሥራ ያጓትታል፣ ኩባንያው ይሻላል የሚል።

ነጻ ገበያ፦

ጥሩ፣ አደጋው እምብዛም ስለማይደርስ ያልከውን ተቀብያለሁ፤ አስቤበት አላውቅም ነበር። ግን የምትለውን ሠራተኛ ከየት ታመጣለህ? ስለ አውሮፕላኑ አብልጦ የሚያውቀው ፋብሪካው ውስጥ ያለው መሐንዲስ ነው። መንግሥት እሱን የሚቀጥርበት ደሞዝ የለውም። ወደኛ አገር ስትመጣ ደግሞ የባሰ ነው። እኔ ትንሽ የምግብ ማቀነባበሪያ ነበረኝ። ሊፈትሽ የመጣው ሰው ማሽኖቹን ሳያይ ነው ስለ «መስተንግዶ» ያወራኝ። የግል ላብራቶሪ ግን ናሙናዬን ወስዶ በሳምንት ውጤት ሰጠኝ። ለዚህ ነው መንግሥት ሲባል የሚያንገፈግፈኝ። ከመጽሐፍ ያነበብኩት አይደለም።

መምህርት፦

ወንድሜ፣ የደረሰብህ ያናድዳል፤ መብትህም ነው መናደድህ። ግን ላብራቶሪው ናሙናህን የመረመረው አንተ ከፍለኸው ነው። ውጤቱ መጥፎ ቢሆን ፋብሪካህን ሊዘጋው አይችልም፣ ለሕዝብም አይናገርም። ውጤቱን ኪስህ ከተህ ብትቀጥል ማን ይከለክልሃል?

አንድ ያልተነሳ ነገር ልጨምር። አብዛኛው ዓለም፣ እኛም ጭምር፣ ማክስን የተቀበልነው የአሜሪካን ምስክር ወረቀት አምነን ነው። አንዱ ዓይን ሲታወር ሁሉም ታወረ። ያዳነን ሌሎች መንግሥታት ሳይጠብቋት መወሰናቸው ነው። የኛ አየር መንገድ ማክሶቹን ወዲያው አቆመ። ጥቁር ሳጥኖቹም ወደ አሜሪካ አልሄዱም፤ ፓሪስ ነው የተላኩት። አውሮፓም ከዚያ በኋላ በኤፍኤኤ ፊርማ ብቻ አልመለሰውም፤ የራሱን የበረራ ሙከራ አድርጎ በፈረንጆቹ ጥር 2021 ነው የፈቀደው። የኛዎቹ ማክሶች ወደ በረራ የተመለሱት በኛ አቆጣጠር ጥር 24 ቀን 2014 ነው። ስለዚህ እኔ የምፈልገው አንድ ትልቅ ተቆጣጣሪ አይደለም። እርስ በርሳቸው የሚጠራጠሩ ብዙ ተቆጣጣሪዎች ናቸው፣ ሁሉም ግን የማገድ ሥልጣን ያላቸው።

መካኒክ ነኝ፦

የማገድ ሥልጣን ያለችው ቃል ትሰመርበት። በፈረንጆቹ ጥር 2024 የአላስካ አየር መንገድ ማክስ በረራ ላይ እያለ ትርፍ የበር ቦታ የሚደፍነው ክዳን ተገንጥሎ ሲሄድ፣ አራት ብሎን ሳይታሰር ነው ከፋብሪካ የወጣው። ያኔ ኤፍኤኤ ኢንስፔክተሮቹን ፋብሪካው ውስጥ አስገባ። በወር ከ38 ማክስ በላይ እንዳታመርቱም አለ። የትኛው ኢንሹራንስ ወይም ጋዜጣ ነው ቦይንግን ምርት ቀንስ ማለት የሚችለው?

ነጻ ገበያ፦

እሱን አይችሉም። እዚህ ላይ ተረታሁ ልበል። ግን አንድ ነገር አልለቅም። ያ የ15 አደጋ ስሌት ቢሮ ውስጥ ተቆልፎ ባይቀመጥ ኖሮ፣ በወቅቱ ይፋ ቢሆን፣ ኢንሹራንሱም፣ የፓይለቶች ማኅበሩም፣ አየር መንገዶቹም አንብበው ራሳቸው ያቆሙት ነበር። ሕዝቡ ያወቀው ከዓመት በኋላ ምክር ቤት ውስጥ ነው። ተቆጣጣሪው መንግሥት ይሁን፣ እሺ። የሚያገኘውን ሁሉ ግን በዕለቱ ይፋ ያውጣ።

የቢሾፍቱ ልጅ፦

በዚህ እስማማለሁ፤ እኔም ራሴ ልጨምረው ይገባ ነበር። በዕለቱ ይፋ ይውጣ። የሚፈርመው ሰው ደሞዝም ከሚፈተሸው ኩባንያ ካዝና አይምጣ። ሁለተኛውን ትቀበላለህ?