ለቲቪና ለፍሪጅ ስንት አምፒር ባትሪ ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መንዝ ውስጥ መብራት ላልገባበት የወላጆቼ ቤት ሶላር ላስገባ ነው። ዕቃዎቹ፦ ባለ 7 ዋት አምፖል 6፣ 50 ዋት ቲቪ ከ15 ዋት ሪሲቨር ጋር (ሁሉም በቀን 5 ሰዓት)፣ የስልክ ቻርጀርና አንድ ትንሽ ፍሪጅ። ሻጩ አንድ ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ጄል ባትሪ ይበቃሃል አለኝ። እውነት ነው? የኤሌክትሪክ ምጣድስ ይችላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለአንድ ቀንም አይበቃህም። ዋቱን በሰዓት አባዛ፦ አምፖል 210፣ ቲቪና ሪሲቨር 325፣ ስልክ 60 ገደማ። የፍሪጁን ዋት ግን በ24 አታባዛ፤ ኮምፕረሰሩ እየተነሳ ያርፋል። ላዩ ላይ የተለጠፈውን የዓመት ፍጆታ ለ365 አካፍል፤ 292 ኪሎዋት ሰዓት ካለ በቀን 800 ዋት ሰዓት ነው። ድምሩ 1395፤ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ዕቃ) ሲቀይር የሚያባክነው ሲጨመር 1550 ይጠጋል። ያ ባትሪ 12 ሲባዛ በ200፣ 2400 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የምትጠቀመው ግን ግማሹን፣ 1200 ብቻ ነው፤ ጄል ከግማሽ በታች በየቀኑ ከወረደ ቶሎ ይሞታል።

ሌላ መልስ፦ ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሰካበትም ይበላል። 20 ዋት ከሆነ በቀን 480፣ ስለዚህ 2030 በለው። ፀሐይ ለማይወጣበት ሁለት ቀን 4060፤ ጄሉ ግማሹን ብቻ ስለሚሰጥ 8120፤ ለ24 ቮልት ሲካፈል 338 አምፒር ሰዓት። አራት ባለ 200 ግዛ፤ ሁለት ሁለቱን በሲሪየስ (የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ፣ 24 ቮልት እንዲሆን)፣ ጥንዶቹን በፓራሌል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ)። ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄደውን ፖዘቲቭ ከአንዱ ጥንድ፣ ኔጌቲቩን ከሌላኛው አውጣ። ሁለቱንም ከአንዱ ካወጣህ ያወጣህበት ጥንድ አብዛኛውን ጭነት ተሸክሞ ቀድሞ ይወድቃል። አሮጌና አዲስ ባትሪ አትቀላቅል። ምጣዱን ተወው፤ 3500 ዋት ከሆነ በ24 ቮልት ከ145 አምፒር በላይ ይስባል፣ በአንድ ሰዓት ከባትሪዎችህ የምትጠቀመውን አብዛኛውን ይጨርሳል። እንጀራውን በምርጥ ምድጃ ጋግሩ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ባለ 400 ዋት ፓኔል ይበቃል? ሊቲየምስ?

መልስ፦ ለ400 አምፒር ሰዓት ጄል ቢያንስ 40 አምፒር ቻርጅ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ 30 ገደማ ነው የሚሰጡት። ሳይሞላ የሚያድር ጄል ሰልፌት (አቅሙን የሚቀንስ ክምችት) ይይዛል፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ይብሳል። ሦስት አድርገው፣ ከ60 አምፒር ኤምፒፒቲ ኮንትሮለር (ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ቻርጅ የሚቆጣጠር) ጋር። ኮንትሮለሩን ጄል ላይ አስተካክል፤ የውሃ ባትሪ ላይ ከቀረ ያደርቀዋል። ሊቲየም ከሆነ አንድ ባለ 25.6 ቮልት 200 አምፒር ይበቃል፦ ከ5120 ሰማንያ በመቶውን፣ 4096 ትጠቀማለህ። ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ የመንዝ ውርጭ እንዳያገኘው ውስጥ ቤት አስቀምጠው።