ራዮን ጥጥ ነው ወይስ ፕላስቲክ?

ሀያት፣ ደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሰኞ ገበያ አካባቢ የሴት ልብስ እሰፋለሁ። ሻጩ «ንጹህ ኮተን ነው» ያለኝን ጨርቅ ገዝቼ ለደንበኛዬ ቀሚስ ሠራሁላት። ጨርቁ ሲያምር! አንዴ ብታጥበው ግን አራት ጣት አጠረ። ጥቅሉን ሳገላብጥ «ራዮን» ይላል። ክር መዝዤ ለኮስኩት፤ እንደ ወረቀት ነደደ እንጂ እንደ ፖሊስተር አልቀለጠም። ታዲያ ምንድን ነው? የቀረውንስ ምን ላድርገው?

ሰይድ፣ ኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህቴ፣ ጨርቁ ይሠራል። ፈትል ክፍል ብዙ ዘመን ስለሠራሁ ይህን ነገር አውቀዋለሁ።

ራዮን ፕላስቲክ አይደለም፤ የጥጥ ዘመድ ነው። ሁለቱም ሴሉሎስ፣ ማለትም የእፅዋት አካል የሚገነባበት ነገር ናቸው። ለዚህ ነው በእሳት የማይለዩት። ጥጡን ማሳ ያበቅለዋል፣ ራዮኑን ግን ሰው ከእንጨት ያወጣዋል። የእንጨቱ ፐልፕ (ወረቀት የሚሠራበት ዓይነት ድቃቂ) ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ይነከራል። ካርቦን ዳይሰልፋይድ የሚባል ኬሚካል ሲጨመርበት ብርቱካንማ ፍርፋሪ ይሆናል። ፍርፋሪው እንደገና በሶዳ ሲሟሟ እንደ ማር ይወፍራል። ያ ፈሳሽ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ተገፍቶ አሲድ ውስጥ ሲገባ ተመልሶ ሴሉሎስ ይሆናል፤ አሁን ግን ክር ሆኖ። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1892 ያስመዘገቡት ክሮስ፣ ቤቫንና ቢድል የተባሉ እንግሊዛውያን ናቸው።

መጀመሪያ የተፈለገው ለሐር ምትክ ነበር። ወደ ጥጥ የቀረበው ረጅሙን ክር ቆራርጠው በጥጥ ማሽን መፍተል ሲጀምሩ ነው። 38 ሚሊሜትር የተለመደ ቁመት ነው። የታሰረውን የራዮን ጥቅል (ቤሉን) ስትፈቺው የፍሬ ስባሪ የለ፣ ቅጠል የለ፣ ነጭ ብቻ። ከጥጥ አቧራ ጋር ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጣጣው ውሃ ላይ ነው። ጥጥ ሲርስ ይጠነክራል። ተራ ራዮን ግን ያብጣል፣ ጉልበቱም ግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ በፋብሪካ ተወጥሮ የነበረው ጨርቅም ይሰበሰባል። አንድ ክር ምዘዢ፣ መሃሉን በምራቅ አርጥቢና ሁለቱን ጫፍ ሳቢው። ከረጠበው ቦታ በቀላሉ ከተበጠሰ ራዮን ነው።

መቅደስ፣ ደሴ፦
የውስጥ ልብስ ላይ «ሞዳል» የሚባለውስ? እሱ ሲታጠብ እንዲህ አያደርግም።

ሰይድ፣ ኮምቦልቻ፦
ሞዳልም ከእንጨት ነው፣ ግን ሲርስ እንዳይለጠጥና እንዳይደክም ተብሎ የተሻሻለ ነው። ከዚያ ሊዮሴል የሚባል ሌላ የእንጨት ክር መጣ። እሱ ካርቦን ዳይሰልፋይድ ጭራሽ አያስፈልገውም፤ ማሟሚያው እየተጣራ ደጋግሞ ያገለግላል። ለእኔ ትልቁ እርምጃ ይሄ ነው። የካርቦን ዳይሰልፋይድ ትነት የስንቱን ሠራተኛ ነርቭ ጎድቷል።

ሀያት፣ ደሴ፦
ጋሽ ሰይድ፣ አላህ ይስጥልኝ! ሞከርኩት፤ ልክ ከምራቁ ላይ ተበጠሰ። ሳልቀድደው ልንከረው ማለት ነው? በቀዝቃዛ ነው በሙቅ?

ሰይድ፣ ኮምቦልቻ፦
አዎ፣ ከመቀስ በፊት። ደንበኛሽ ቤቷ በምታጥብበት ውሃ እጠቢው። አትጭመቂው፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው። ሻጩንም ሄደሽ ንገሪው፤ ራዮንን ራዮን ብሎ ይሽጥ።