የአያቴ ኩታ ጥለቱ ለቀቀ! እሑድ ክርስትና አለብን

የሚጡ እናት (ሐሙስ፣ ጠዋት 4 ሰዓት)
እባካችሁ ድረሱልኝ። እሑድ ልጄ 80 ቀኗ ነው፣ ክርስትና ትነሳለች። የምትታቀፍበት ኩታ ዛሬ ታጠበና ቀዩ ጥለት ለቀቀ። ነጩ ሮዝ ሆኗል። አሁን ሳፋ ውስጥ ነው። በረኪና ላድርግበት?

ቡና ጠጡ
ጨው! አንድ እፍኝ ጨው በቀዝቃዛ ውሃ። እናቴ ሁሌ እንደዚያ ነው የምታደርገው።

ሸማ ወዳድ
በረኪናውን አስቀምጪው። አሮጌ ጥጥ ያሳሳል፣ ቀዩንም አይምርም። ደግሞ አንዳንድ ሰው በረኪናና ኮምጣጤ ቀላቅሎ ይጠቀማል። በፍጹም! የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፣ ቤት ውስጥ ሕፃን አለች። ዋናው ነገር እንዳይደርቅ ነው። ፀሐይ ላይ አታስጪው፣ ካውያም አታስነኪው። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ማስለቀቅ ይከብዳል።

እማማ ዘ
ልጄ፣ የአሁን ልጆች ሁሉን ማሽን ውስጥ ትከታላችሁ። ሸማ በእጅ ነው የሚታጠበው። በለዘብተኛ ሳሙና፣ ሳይጠመዘዝ። ጥለቱ ወደ ውጭ ተይዞ መጀመሪያ ነጩ ይታሻል። እኛ እንዲህ ነበር የምናደርገው።

ከሳሪስ
ለምን ትጨነቂያለሽ? ሽሮ ሜዳ ሂጂና አዲስ ግዢ። ለአዲስ ልጅ አዲስ ልብስ ነው የሚያምረው።

የሚጡ እናት
አዲስ መግዛትማ እችላለሁ። ይሄንን ግን አያቴ እናቴን ስትወልድ በእጇ የፈተለችው ነው። እናቴ፣ እኔና ሦስቱ ወንድሞቼ ክርስትና የተነሳንበት ነው። ጥለቱ ቀይና ቢጫ ነው፣ መሃል ለመሃል ትንንሽ መስቀሎች ተደርድረውበታል። የሕፃንነት ፎቶአችን ላይ ማን ማን እንደሆነ አይለይም፣ ጥለቱን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጄ ያለሱ ስትታቀፍ አይታየኝም።

ቡና ጠጡ
ጨዉን ሞከርሽው?

የሸማኔ ልጅ
ጨው አንዴ የለቀቀን ቀለም አይመልስም። እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ስንት ዓመት ሲታጠብ የኖረ ጥለት ዛሬ እንዴት ለቀቀ? የተቀየረ ነገር አለ?

የሚጡ እናት
ውይ፣ ሳልነግራችሁ! አምና ጠርዙ ተበልቶ ነበር። እናቴ ሸማኔ ጋ ወስዳ ልክ እንደ ድሮው አዲስ ጥለት አሠራችለት። ለብቻው ተሠርቶ ነው በእጅ የተሰፋበት። ከዚያ ወዲህ ሲታጠብ ዛሬ የመጀመሪያው ነው። የምታግዘኝ ልጅ በሙቅ ውሃ ማሽን ውስጥ አስገባችው።

የሸማኔ ልጅ
በቃ፣ የለቀቀው አዲሱ ክር ነው። ከተሰፋ ደግሞ ይፈታል! ስፌቱን ቀስ ብለሽ በምላጭ ፍቺው። ነጩን ለብቻው በብዙ ውሃና በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፊው፣ ውሃው ሮዝ በሆነ ቁጥር ቀይሪ። ሌሊቱን ይደር። ጥለቱን በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመሽ እጠቢው፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ። ከዚያ መልሰሽ ስፊው። ምናልባት ቢበላሽ እንኳ አትዘኚ። አባቴ የአንዱን ጥለት ክር ቆጥሮ ነበር ሌላው ላይ የሚያወጣው። አምና የሠራላችሁ ሰው ቆጠራውን ያውቀዋል።

ከዲሲ
ክሎሪን የሌለው፣ በኦክስጅን የሚሠራ የነጭ ልብስ ዱቄት ካገኘሽ መዘፍዘፊያው ላይ ጨምሪበት። ነጩ ላይ ብቻ! መጨረሻ ላይ በደንብ አለቅልቂው፣ የሕፃን ቆዳ ነው።

ከሳሪስ
ታሪኩን ሳላውቅ ነው ግዢ ያልኩሽ። ስፌት እችላለሁ። ቅርብ ከሆንሽ ቅዳሜ መጥቼ እሰፋልሻለሁ።

የሚጡ እናት
እየፈታሁት ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ውሃ ሳይሄድ ልዘፍዝፈው፣ እመለሳለሁ።

እማማ ዘ (ሰኞ)
ልጄ፣ ቀለሙ ከነጩ ላይ ለቀቀልሽ? ሚጡስ በኩታው ታቀፈች?