ወንድሜ ከኳስና ከካሜራ አልላቀቅ አለ፤ ጎንደር ተቀምጦ በየት በኩል ነው የሚገባው?

ጠያቂ፦ የማራኪዋ እህት

ሰላም እንዴት ናችሁ። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን ጨርሷል። ውጤቱ ጥሩ ነው፣ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው። አዘዞ ባለ የሰፈር ቡድን ውስጥ ተከላካይ ሆኖ ይጫወታል፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከአንድ ፎቶ ቤት ጋር ሰርግ እየቀረጸ ትንሽ ትንሽ ይከፈለዋል። አባታችን "ኳስም ቪዲዮም እንጀራ አይሆንም፣ ጤና ሳይንስ ግባ" ባይ ነው።

አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ፕሮዳክሽን አለኝ የሚል ሰው በቴሌግራም አግኝቶት "ለተከታታይ ድራማ ተመርጠሃል፣ መመዝገቢያ 8 ሺህ ብር አስገባ" ብሎታል። ብሩን ከእኔ ሊበደር መጣ። ልስጠው ወይስ ይቅርብኝ? ደግሞስ በዚህ ሥራ እንጀራ የሚበሉት ሰዎች ከየት ጀምረው ነው እዚያ የደረሱት? አዲስ አበባ ሳይሄድ የሚሆን ነገር ይኖር ይሆን?

ቡም ያዡ

እህቴ፣ ብሩን እንዳትሰጪው። የእውነት የሚሠራ ፕሮዳክሽን ለተዋናይ ይከፍላል እንጂ ከተዋናይ አይቀበልም። "ለሜካፕና ለልብስ ነው" ካለሽ እሱም የፕሮዲውሰሩ ወጪ ነው። ማጣራት ካማረሽ ድራማው በየትኛው ጣቢያ እንደሚተላለፍ ጠይቂውና ራስሽ ጣቢያው ጋ ደውይ። ጣቢያው "አዎ፣ እናውቀዋለን" ቢልሽ እንኳ ገንዘብ አይከፈልም።

እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ አዲስ አበባ በድምፅ ባለሙያነት እሠራለሁ። ካሜራ ልያዝ የሚል ልጅ መዓት ነው፣ ድምፅ በደንብ የሚይዝ ግን ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ቀረፃ ላይ አዲስ የመጣ ልጅ መጀመሪያ ገመድ ይጠቀልላል፣ መብራት ይሸከማል፣ ክላፕ (ቀረፃ ሲጀመር የምትመታውን ሰሌዳ) ይመታል። በማስታወቂያ የሚቀጠር ብዙም የለም። ባለፈው ሥራ አብሮሽ የዋለ ሰው ነው ለሚቀጥለው የሚደውልልሽ፤ ስለዚህ ሰዓት ማክበርና አለመነጫነጭ ራሱ ሙያ ነው። ክፍያው በቀን ወይም በክፍል ነው። ሥራ ሳይጀመር ግማሹን መቀበልና ስምምነቱን በጽሑፍ መያዝ ከመጀመሪያው ቀን ይልመድ፤ ድራማው ካለቀ በኋላ ፕሮዲውሰር ማሳደድ አድካሚ ነው።

እዚያው ሆኖ የሚለማመደው ልስጠው። ስልኩን ያውጣና ግቢያችሁ ውስጥ አባታችሁን ቃለ መጠይቅ ያድርጋቸው። ልብስ ላይ የምትሰካዋን ትንሽ ማይክ ከሸሚዛቸው ሁለተኛ ቁልፍ አጠገብ ያስር፣ ፍሪጅ ካለ ይንቀል፣ ባጃጅ ሲያልፍ "ይቁም" ይበል። ሲጨርስ ሁላችሁም ጸጥ በሉና የቦታውን ባዶ ድምፅ ግማሽ ደቂቃ ይቅዳ። ኤዲት ላይ ንግግሩ የተቆረጠበትን የሚሸፍነው እሱ ነው። ይህን የማያውቅ ስንት ካሜራማን አለ መሰለሽ።

የድሮው 4 ቁጥር

በኳሱ በኩል እውነቱን ልንገርሽ። 12ኛ ጨርሶ እስካሁን የክለብ ታዳጊ ቡድን ውስጥ ካልታቀፈ የተጫዋችነቱ በር ጠቧል። ተዘግቷል አላልኩም። "ወደ ውጭ አሻግርሃለሁ፣ ወኪል ነኝ" የሚል ከመጣ ደግሞ ያው የድራማው ሰውዬ ዘመድ ነው። ፊፋ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወኪሎችን በፈተና ነው ፈቃድ የሚሰጣቸው፤ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ስም ድረ ገጹ ላይ አለ። ከሌለበት አትስሙት።

ኳስ ግን መጫወት ብቻ አይደለም። አሠልጣኝነት ከካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ዲ ላይሰንስ ይጀመርና ወደ ሲ፣ ቢ፣ ኤ ይወጣል። ውበቱ አባተ እዚህ የጎንደሩን ክለብ ፋሲል ከነማን ካሠለጠነ በኋላ ነው ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን የአፍሪካ ዋንጫ የገባው። ዳኝነትም አለ፤ ሊዲያ ታፈሰን ተመልከቺ፣ በሙያዋ ፋርማሲስት ናት፣ በ2015 እና በ2019 እ.ኤ.አ. ግን የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ ዳኛ ነበረች። ዳኝነት ሌላ ሥራ ይዞ የሚገባበት መንገድ ስለሆነ ለሚጠነቀቅ አባት ይመቻል።

ለእሳቸው የሚጥማቸውን ልጨምር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ ትምህርት ክፍል አለው። እኛ ሜዳ ላይ ወጌሻ የምንለው ሰው ዛሬ የተማረ ባለሙያ እየሆነ ነው፣ ክለብም ሆስፒታልም ይቀጥረዋል። ጤና ሳይንስ ነው፣ ሜዳም ነው። አባትና ልጅ የሚታረቁበት ቦታ ይኸው።

ካሜራ ሁለት (ባሕር ዳር)

የእኔን ወንድም መሰለኝ! ሁለቱን የሚወድ ልጅ ቦታው የስፖርት ስርጭት ነው።

የቀጥታ ስርጭት ላይ ዋናው ካሜራ ከመሐል መስመር ትይዩ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ሰፋ አድርጎ ጨዋታውን ይከተላል። አጠገቡ ያለው ጠበብ አድርጎ ባለ ኳሱን ይይዛል። በሁለቱ የቅጣት ክልሎች ትይዩ የሚቆሙት ከጨዋታ ውጪ ለማየት ይጠቅማሉ። ጎል ሲገባ ዋናው ካሜራ ካለበት አይነቃነቅም፣ ሁለተኛው ወደ አግቢው ፊት ይሄዳል፣ ሌላው ተቀያሪ ወንበሩን ያሳያል። ይህን ሁሉ ዳይሬክተሩ በጆሮ ማዳመጫ እየጮኸ ነው የሚያዘው። ኳስ የሚገባው ልጅ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ተከላካይ ስለሆነ ረጅም ኳስ ከመመታቱ በፊት ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፣ ካሜራውም ቀድሞ ይደርሳል። ጉዳቱ ደግሞ ፋሲል ሲያገባ መጨፈር የለም፤ ፊቱን አጥብቆ ካሜራውን መያዝ ብቻ።

ቦታውን በተመለከተ ግን አላታልልሽም። ፋሲል በ2013 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ ዋንጫ ሲያነሳ ሊጉ የተካሄደው በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወረ ነው። ስርጭቱን ሱፐርስፖርት ነበር የያዘው። የስርጭት ሥራ ጨዋታው ያለበትን ከተማ ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ ሻንጣ ማዘጋጀት ግድ ነው። ጎንደር ላይ የሚጀመረው ከታች ነው፦ የክለብ ማኅበራዊ ገጽ፣ የዩኒቨርሲቲ ውድድር፣ የሰፈር ዋንጫ።

ጋሼ ከአራዳ

ልጆች፣ እኔም ልናገር። አባቱን አትናቁ። ኃይሌ ገሪማ እዚሁ ጎንደር ተወልዶ፣ አባቱ ቴአትር ጸሐፊ ሆነው፣ አሜሪካ ሄዶ መጀመሪያ ትወና ከዚያ ፊልም ተማረ። ስሙ ዓለም ላይ ከተጠራ በኋላ እንኳ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ነው ፊልሞቹን የሠራው። ደመወዝ ያለው ሰው የፈለገውን ፊልም ይሠራል፣ የሌለው ያዘዙትን። ስለዚህ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ይግባ፣ ካሜራውንም አይጣል። ሰርጉም ቢሆን ገቢው ወቅት አለው፤ ጥርን ሠርቶ ዐቢይ ጾም ሲገባ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አለ።

ቡም ያዡ

ጋሼ፣ በዩኒቨርሲቲው እስማማለሁ። ግን አራት ዓመት ተምሮ ከዚያ "አሁን ልጀምር" የሚል ልጅ ቀረፃ ላይ ከ18 ዓመት ልጅ ጋር ገመድ ሲጠቀልል አይቻለሁ። ጎን ለጎን ካልሆነ ይዘገያል።

የማራኪዋ እህት

ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ሰውዬውን ድራማው በየትኛው ጣቢያ እንደሆነ ጠየቅነው፤ "ሚስጥር ነው" ብሎ ከዚያ ወዲያ አግዶናል። ብሩ ተረፈ። ፊዚዮቴራፒውን ለአባባ ነገርኩት፣ "እሱስ ደህና" አለ፤ ከእሱ አፍ ይህ ብዙ ነው። ልጁ ግን የካሜራ ሁለትን መልስ ደጋግሞ እያነበበ ነው። ቅዳሜ ስታዲየም ሄዶ ልምምድ ልቅረጽ ይላል፣ ዝም ብሎ ይገባል?

ካሜራ ሁለት (ባሕር ዳር)

ዝም ብሎማ አይገባም። አስቀድሞ የክለቡን ሕዝብ ግንኙነት ያናግር፣ የቀረጸውንም በነፃ እንደሚሰጣቸው ይንገራቸው፤ እንደዚያ ሲባል እሺ የማለት ዕድላቸው ሰፊ ነው። እምቢ ካሉት የሰፈር ጨዋታ ይቅረጽ፣ ልምምዱ ያው ነው። አንድ ቦታ ቆሞ፣ ዙም ሳይነካካ፣ የጨዋታውን አንድ አጋማሽ ሙሉውን ይከተል፤ ከዚያ ኳሷ ከፍሬሙ ስንቴ እንደወጣች ቤት ገብቶ ይቁጠር። ድሮን የሚያውሰው ጓደኛ ካለው ደግሞ እንዳይሞክራት፤ ያለ ፈቃድ ማብረር ያስጠይቃል፣ አሁን ባለው ሁኔታ ደግሞ የባሰ ነው። የቀረጸውን ይላክልኝ፣ አይቼ እነግረዋለሁ።